ስለ ቤተሰብ መኳረፍና ስለ ዕርቅ

(በውጭ አገር የሚማሩ ተማሪዎች ባደረጉት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ያሰማችው ንግግር)



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች እንድናገር ሲጠይቁኝ የሕግ ተማሪ መሆኔን በማሰብ ስለ መሬት ይዞታ አንድ ነገር እንዳዘጋጅ ነበር ፈቃዳቸው። እኔም ይሁን ብዬ ጀምሬው ነበር። ነገር ግን ባለፈው የፋሲካ በዓል ዐሥራ አንድ ሆነን በአንድ ጓደኛችን ቤት ጾም ስንፈታ ያየሁት ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ ሁሉም በየጥጉ ሆኖ ወደ አገር ቤት ስልክ ይደውል ጀመር። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሰባት ሰዎች ደወሉ። አራታችን ግን ዕቃ እናጥባለን ብለን ወደ ማድ ቤት ገባን። ለአራት ሰው የሚበቃ ዕቃ አልነበረም፤ አንዱ ያጥባል፥ ሌላው የታጠበውን እንደ ገና ያጥባል። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ሆኖም አራታችንም ለምን እዚያ እንደ ገባን እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ የምናገረው ማድ ቤት ስለ ገቡት ሰዎች ነው። ከአራቱ አንዷ እኔ ስለ ሆንሁ ነገሩን ከውጭ ሆኖ እንደሚመለከት ሐኪም ልናገረው አልችልም። ብሳሳት በሽተኛ ናት ብላችሁ እለፉኝ።

ቋንቋችን ለጠብ ብዙ ደረጃ አለው። ተቀያየሙ፥ ተኳረፉ፥ ተቆራረጡ፥ ተካካዱ እንላለን። እኔ ባደግሁበት ሠፈር የተቀያየመ ሰላምታ ይሰጣል፤ የተኳረፈ ሰላምታ ይነሣል፤ የተቆራረጠ ግን ለቅሶ አይደርስም። ከለቅሶ መቅረት የመጨረሻው ነው። አገር ቤት ያለ ሰው ከእነዚህ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። አባትና ልጅ ተኳርፈው ጥቂት ወራት ቢቆዩ የሠፈር ሽማግሌ ይገባበታል፤ ሽማግሌ ቢዘገይ የነፍስ አባት ጾም ሲገባ «ታረቁ» ይላሉ፤ በእስልምናም ዝምድናን መቁረጥ ከባድ ኀጢአት ስለ ሆነ ሸኹ ዝም አይሉም፤ ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ ሠርግ ወይም ለቅሶ ይመጣና ሁለቱን በአንድ ድንኳን ሥር ያስቀምጣቸዋል።

እዚህ ግን ድንኳኑ የለም። እኛ ዘንድ ርቀት ኩርፊያን ይሸፍነዋል። ልጅቱ ለምን አልመጣችም ተብሎ ቢጠየቅ «ትምህርት ላይ ናት፤ የአውሮፕላኑ ዋጋ ከባድ ነው፤ ወረቀቷ አላለቀላትም» ይባላል። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ሰበብ ነው። እናት በጎረቤት ፊት ከማፈር ትድናለች፤ አባትም ልጄ ውጭ አገር ናት ብሎ ይናገራል፤ ልጅቱም የራሷን ሐዘን ከሌላው ሰው ናፍቆት ጋር ቀላቅላ ታለቅሳለች። ከዚህም የተነሣ አገር ቤት ቢሆን ዓመት የማይሞላው ኩርፊያ በዚህ ዐሥር ዓመት፥ ሃያ ዓመት ይቆያል። ደግሞ ገንዘቡ አለ። በየወሩ ለእናት ገንዘብ የሚልክ ሰው ቤተሰቡን አልተወም ይባላል፤ እርሱም ራሱን እንዲህ ያጽናናል። ከአባቱ ጋር ግን አንድ ቃል ከተለዋወጠ ስንት ዓመቱ ነው? ገንዘብ መላክ ከመናገር ቀሎ ተገኘ።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ መስሎ ስለሚሰማን እንደብቀዋለን። የሌላውም ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ካርል ፒለመር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ እንደ ገለጹት፥ ከጠየቋቸው 1,340 አሜሪካውያን መካከል 27 ከመቶ የሚሆኑት ከአንድ የቤተሰብ አባል ጋር ተቆራርጠው የሚኖሩ ናቸው። ከዚያም ወዲህ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሪን ሬዜክ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለብዙ ዓመታት በየጊዜው የተጠየቁ ሰዎችን መልስ መርምረዋል። በዚህ ምርመራ ከአዋቂ ልጆች መካከል 6 ከመቶው ከእናታቸው፥ 26 ከመቶው ከአባታቸው ጋር በአንድ ወቅት ተለያይተው ነበር። ሆኖም ከእናታቸው ከተለያዩት 81 ከመቶው፥ ከአባታቸው ከተለያዩት 69 ከመቶው ውሎ አድሮ ተመልሰው ተገናኝተዋል።

እነዚህ ቁጥሮች የአሜሪካን ቤተሰብ እንጂ የእኛን አይናገሩም። የዚያ አገር አባት ከልጁ የሚርቅበት መንገድ፥ በተለይም በፍቺ ምክንያት፥ ከእኛው አባት የተለየ ነውና ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ደሴ መውሰድ አይገባም። እኔ ግን ይህን ጽሑፍ ያነበብሁ ዕለት ብዙ ተስፋ አደረግሁ፤ መለያየት አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ አለው ማለት ነውና። በማግሥቱ ደግሞ ከ69 ወዲያ የቀረውን ቆጠርሁ። 31 ነው። በየእሑዱ ስልክ ሲጮኽ የምቆጥረው ይኸኛውን ነው።

ዕርቅ ሲባል መጀመሪያ የምናስበው ሽምግልናን ነው። ሽምግልና ታላቅ ጥበብ እንዳለው ማንም ሊክድ አይችልም። ሁለት የተጣሉ ሰዎች «መጀመሪያ ማን ይናገር?» በሚለው ነገር ላይ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ ሽማግሌ ይህን ጥያቄ ከመንገድ ያነሣላቸዋል። ማንም መጀመሪያ አይናገርም፤ ሽማግሌው ይናገራል። ቃል ያመላልሳል፥ ሲያመላልስም እሾሁን እየነቀለ ነው። አባት «ዓይኗን አላይም» ቢል ሽማግሌው ወደ ልጅቱ መጥቶ «አባትሽ ልባቸው ተነክቷል» ይላል። ልጅቱ «ምን አገባው» ብትል ወደ አባት ሄዶ «ልጅቱ አዝናለች» ይላል። ሁለቱም አልተናገሩትም፤ ሁለቱም ግን ቢናገሩት ይሻል ነበር። እንዲህ ያለውን ውሸት ውሸት ለማለት ይከብደኛል።

የሽምግልናችን ጉድለት ሌላ ቦታ ነው ያለው። በደም ነገር ሽማግሌዎቻችን እጅግ ጠንቃቆች ናቸው። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ማን ገደለ፥ እንዴት ገደለ ተብሎ ይጣራል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ዕርቁ ከዚህ በኋላ ነው። በወሰንና በከብት ጠብም እንዲሁ ካሳ አለ። ነገሩ በአባትና በልጅ፥ በወንድምና በእኅት መካከል ሲሆን ግን ማጣራቱም ካሳውም ይዘለልና በቀጥታ ወደ ጉልበት መሳሙ ይኬዳል። የሚስመውም ታናሹ ነው። ማን በደለ ተብሎ አይጠየቅም፤ ማን ያንሳል ተብሎ ነው የሚጠየቀው። «ይቅር ለእግዜር» ይባላል፥ ምሳ ይበላል፥ ድስቱ እንደ ተከደነ ይቀራል።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ዓይነት ታሪክ ልጥቀስ። አንዲት ሴት ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ስድስት ዓመት ትሠራለች። ቤት ይሠራልኛል ብላ ደመወዟን በየወሩ ለወንድሟ ትልካለች። ስትመለስ ቤትም የለ፥ ቦታም የለ፥ ገንዘብም የለ። ብትጮኽ «ወንድምሽ ነው፤ ሥጋሽ ነው፤ ይቅር በዪ» ይሏታል። ሽማግሌዎቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ቤተሰቡ እንዳይፈርስ ብለው ነው። ነገር ግን ያን ቤተሰብ ስድስት ዓመት በጉልበቷ ያቆመችው ማን ሆነችና ነው? እኔ ሽማግሌ ሆኜ ብቀመጥ ኖሮ ወንድምየውን ደብተር አምጣ እለው ነበር። የተላከው ስንት ነው፥ የወጣው በምን ነው፥ የሚመለሰው መቼ ነው? ከዚያ ወዲያ ይቅር ብትል ይቅርታዋ የራሷ ይሆናል።

ከዱላ ወይም ከዱላም ከከፋ ነገር ሸሽቶ ቤቱን የለቀቀ ልጅም አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው ርቀቱ መድኃኒቱ ነው። ተመለስና ጉልበት ሳም የሚለውን ሰው እኔ በበኩሌ ሽማግሌ አልለውም፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

በሌላ በኩል ደግሞ ማጣራቱ ራሱ ዕርቅን የሚያስቀርበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። በውጭ አገር ያደጋችሁ ሁሉ የቤተ ክርስቲያናችንን መከፈል ታስታውሳላችሁ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ሲኖዶሱ የአገር ቤትና የስደት ተብሎ ሁለት ሆኖ፥ ሁለቱም ተወጋግዘው፥ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ዘመዳሞች በሁለት ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ ኖሩ። ልጅ የሚያገባበት ቤተ ክርስቲያን ከአባቱ ወገን ካልሆነ አባት ሠርጉ ላይ አይገኝም ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ዕርቁ ሲፈጸም ውግዘቱ ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፥ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲያገለግሉ ሆነ፤ የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም በአንድነት ተጠራ። በዚያ ስምምነት ላይ በ1984ቱ ነገር ማን ትክክል ነበር የሚል ፍርድ አልተሰጠም። ፍርዱ ይቅደም ተብሎ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ባልታረቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። አንዳንዶቹ አባትና ልጅ ግን በዚያ መካከል ሞተዋል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አንዱ ወንድም ኢሕአፓ፥ ሌላው መኢሶን ሆኖ ስለ ተለያየባቸው ቤቶች፥ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተደረገውም ጦርነት ምክንያት ስለ ተቆራረጡት ባልና ሚስት፥ አማትና ምራት ብዙ መናገር ይቻል ነበር። ነገሩ ሙታን ያሉበት ስለ ሆነ በዚህች አጭር ጊዜ ልነካው አልደፍርም።

እንግዲህ ከሁለት ነገር መካከል ቆመናል። ሳይጣራ የተከደነ ዕርቅ ከሥሩ ይሸታል፤ ሁሉ ይጣራ የሚል ደግሞ ሳይታረቅ ይሞታል። ከዚህ መውጫ ያገኘሁት ባላሰብሁት ቦታ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ። በቁጥር 938 እንደ ተደነገገው አባት ልጁን ከውርስ ለመንቀል ቢፈልግ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መግለጽ አለበት፤ ምክንያቱን ካልገለጸ ነቀላው አይጸናም። ዳኛውም የተገለጸው ምክንያት ልጅን ለመንቀል የሚበቃ ነው ወይ ብሎ ይመረምራል። ይህን ቁጥር ዱሮ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። አምና አንድ ማታ ግን ለእኔ እንደ ተላከ ደብዳቤ አድርጌ አነበብሁት። ሕጉ አባትን «ተቆጥቻለሁ ማለትህ አይበቃም፤ በምን እንደ ተቆጣህ ጻፍ» ይለዋል። በየቤታችን ግን ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ማን ማንን ጠይቆ ያውቃል?

አሁን የራሴን ነገር ልናገር።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከእርሳቸው ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩ አንድ ወዳጅ አላቸው። ከስድስት ዓመት በፊት እኒህ ሰው ለልጃቸው እኔን ለመጠየቅ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ቡና ያፈላሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ አባቴ ብቻዬን ጠርተው «ምን ትያለሽ?» አሉኝ። እኔም «እርስዎ እንዳሉ» አልኋቸው። ያን ጊዜ ወደ ውጭ አገር ሄጄ እንድማር የተፈቀደልኝ ወረቀት በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሠርጉ ለጥቅምት መጨረሻ ተቆረጠ። እኔ በነሐሴ ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብዬ ከቤት ወጣሁ፤ ለእናቴ ወንድም አንድ ደብዳቤ ሰጥቼ አውሮፕላን ተሳፈርሁ። አጎቴ ደብዳቤውን ያደረሰው እኔ ከሄድሁ በኋላ ነው።

አባቴ አንብበው ሲጨርሱ «ልጅ የለኝም በላት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንዲህ ማለቴ ልክ አይደለም፤ ሳላቸውን እሰማለሁ። በየእሑዱ ስንነጋገር እናቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች። አባቴ በዚያው ክፍል ወንበራቸው ላይ ሆነው ራዲዮ ይሰማሉ። እናቴም «ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ፈተናውስ እንዴት ሆነ?» እያለች ትጮኻለች። የምሰማ መሆኔን ታውቃለች፤ የምትጮኸው ለእኔ አይደለም። መልሴን ስጀምር ራዲዮው ዝቅ ይላል። ሁለት ዓመት ይሆናል፥ ለአባቴ የንባብ መነጽር ልኬላቸው ነበር። እናቴ ከጤና ጣቢያ አመጣሁት ብላ ሰጠቻቸው። ጤና ጣቢያው እንዲህ ያለ መነጽር እንደማያድል የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ አጥልቀው ያነቡበታል።

አምስት ዓመት ሙሉ ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ተከራከርሁ። ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በግልጽ ይናገራል። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው፤ ዛሬም ከእኔ ጋር ነው። ሽማግሌዎች በአጎቴ በኩል ሁለት ጊዜ ሞከሩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው በዪና ይለቅ» አሉኝ። አላልሁም። ያላገባሁትን ሰው ስላላገባሁት ይቅርታ ብጠይቅ ከእኔ በኋላ ለሚመጡት እኅቶቼ ሁሉ እንደ ፈረምሁ ነው ብዬ ነበር። አሁንም እንዲሁ ነው የማስበው። ሽማግሌዎቹም ደከማቸው፤ ሦስተኛ አልመጡም።

ያን ማታ ቁጥር 938ን ካነበብሁ በኋላ ወረቀት አወጣሁና በአባቴ ቦታ ሆኜ ምክንያቱን ለመጻፍ ሞከርሁ። መጀመሪያ «ልጄ ጋብቻውን እምቢ ስላለች» ብዬ ጻፍሁ። ትንሽ ቆይቼ ሰረዝሁት። ታላቅ እኅቴ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሲመጣባት «አልፈልግም» ብላ፥ አባቴ ራሳቸው ሽማግሌዎቹን በክብር ሸኝተዋል፤ ፊታቸው እንኳ አልጠቆረባትም። ይህን አምስት ዓመት ሙሉ ሳውቀው ኖሬ አንድ ቀን አስቤበት አላውቅም ነበር። ቀጥዬ «ልጄ ሳትነግረኝ አገር ለቃ ስለ ሄደች» ብዬ ጻፍሁ። ይህ ይቀርባል፤ ነገር ግን መምህር የነበሩ ሰው ልጃቸው ለትምህርት በመሄዷ ልጅነቷን አይክዱም። በመጨረሻ የጻፍሁት ይህ ነው፤ «ምን ትያለሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ እርስዎ እንዳሉ አለችኝ፤ ቃሌን ሰጠሁ፤ ከዚያ በኋላ በወዳጄ ደጅ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምሁ።»

ይህን ደግሜ ሳነበው የምከራከርበት ነገር አጣሁ። እምቢታዬ ትክክል ነበር። ነገር ግን ጠይቀውኝ ነበር። አገሩ ሁሉ ሴት ልጁን በማይጠይቅበት ነገር እርሳቸው ጠይቀውኝ፥ እኔ ዋሽቼአቸዋለሁ። «አልፈልግም» ብላቸው ይቆጡ እንደ ነበር አላውቅም፤ የማወቅ ዕድሉን ለራሴም ለእርሳቸውም ነሣሁ። ስፈራ ነበር ብል እውነት ነው። ያም ቢሆን በዚያ በር ላይ የቆሙት እርሳቸው ናቸው።

ፒለመር ከተለያዩ በኋላ የታረቁትን ሰዎች ጠይቀው ያገኙት አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ የታረቁት ሌላው ወገን ያለፈውን ነገር እነርሱ እንደሚያዩት እንዲያይላቸው መጠበቁን በተዉ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሳነበው ሽንፈት መስሎ ታይቶኝ ነበር። አሁን ግን አባቴ «ያ ጋብቻ ስሕተት ነበር» እንዲሉኝ የምጠብቀውን ነገር አንሥቼ አስቀመጥሁት። እኔም ጥፋት ያልሆነውን ጥፋት ነው አልልም። ከነገሩ ሁሉ መካከል እውነት የሆነችውን ያችን አንዲት ቁራሽ ፈልጎ ማግኘትና ስለ እርስዋ ብቻ ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ከሁለቱም መንገድ የተለየ ነው፤ ድስቱን አይከድነውም፥ የቤቱንም ዕቃ ሁሉ አውጥቶ ደጅ አይበትነውም።

ለአጎቴ ሁለት ደብዳቤ ላክሁለት። አንደኛው ለአባቴ ነው፤ አራት መስመር ነው። «ስለ ጋብቻው አይደለም የምጽፍልዎ። ምን ትያለሽ ሲሉኝ እውነቱን አልነገርሁዎትም። በጋሼ ደጅ ያቆምሁዎት እኔ ነኝ። በዚህ በድያለሁና ይቅር ይበሉኝ» ይላል። ሁለተኛው ለወዳጃቸው ነው፤ እርሳቸውም ተበድለዋልና። ድግሱ ተጀምሮ ነበር፤ በሬውም ተገዝቶ ነበር። የወጣውን ወጪ ቀስ በቀስ እንድከፍል ይፈቀድልኝ ብዬ ጻፍሁ። አጎቴንም እሾህ እንዳይነቅል፥ ማርም እንዳይቀባ፥ ደብዳቤዎቹን እንዳሉ እንዲያደርስ ለመንሁት።

አጎቴ ብልህ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ወዳጃቸው ነው። እኒያ ሰው ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት አለኝ። ስለ ገንዘቡ «ልጄ አግብቶ ሁለት ወልዷል፤ የምን በሬ ነው የምታወራው» ብለው ሳቁ። ከዚያም ባርኔጣቸውን አንሥተው የአባቴን ደብዳቤ በገዛ እጃቸው ይዘው ሄዱ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሰዎች በመንገድ ሲተላለፉ ሰላምታ ብቻ ነበር የሚለዋወጡት። የእኔ ኩርፊያ አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ኖሯል። ያን ቀን እስኪመሽ አብረው ተቀመጡ። አባቴ ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ አጣጥፈው በመጽሐፋቸው መካከል አኖሩት።

እኛ ተማሪዎች በየስብሰባችን ስለ አገር ዕርቅ ውሳኔ እናሳልፋለን፤ እኔም እጄን ከሚያወጡት አንዷ ነኝ። ማኅበራችን ከዚህ ትልቅ ሥራ ጎን ለጎን አንድ ትንሽ ሥራ ቢጨምር መልካም ይመስለኛል። ይኸውም ድንኳን በሌለበት አገር ድንኳን መሆን ነው። በበዓል ቀን ማድ ቤት የሚገባውን ሰው አይቶ እንዳላየ ማለፍ ጨዋነት ይመስለናል። አብሮ ገብቶ ዕቃ እያጠቡ «አንተስ፥ በምን ነገር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር ምን ይጎዳል? አገር ቤት ለዕረፍት የሚሄድም ሰው ከሚሸከመው ሽቶና ጫማ ጋር የሌላውን ሰው አራት መስመር ደብዳቤ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ይህን በውይይቱ ጊዜ እንድታስቡበት እለምናለሁ።

የእኔ ነገር የደረሰበትን ነግሬአችሁ ልቀመጥ። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ሁለት እሑድ እንደ ወትሮው አለፈ፤ ራዲዮው ዝቅ ከማለቱ በቀር ምንም የለም። በሦስተኛው እሑድ ከወንበሩ በኩል «የዚያ አገር ብርድ እንዴት ነው በያት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴ እኔ እንዳልሰማሁ ሆና «ብርዱ እንዴት ነው ይላሉ» አለችኝ። «ቀለል ብሏል በያቸው» አልሁ። «ቀለል ብሏል ትላለች» አለቻቸው። ይኸው ሰባት እሑድ ሆነ፤ በየእሑዱ አንድ ጥያቄ አለ፥ እናቴም በመካከላችን ሆና ታስተላልፋለች። ጥያቄው ሁልጊዜ ለእርስዋ ነው። ባለፈው እሑድ «መነጽሩ ተጭሮብኛል፤ ያው ዓይነት ይገኝ እንደ ሆነ ጠይቂያት» አሏት። ቁጥሩን ከክፈፉ ላይ ራሳቸው አንብበው ነገሯት፤ እኔም ጻፍሁት።

አሁን ወደ ውይይቱ እንለፍ።